ከሠላሳ አንደኛው እስከ ሠላሳ አራተኛው ችካል

ቢር ረተም፣ ማርች 9 ቀን 1988

ለተከበሩ አጎቴ ለላዝሀር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከዝናብ በቀር የጎደለብን የለም። አባቴ ሰላም ብለውዎታል። እናቴ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ዛሬ በሕይወት ብትኖር አጠገቤ ቁጭ ብላ «ለአክስቴ ልጅ ይህንንም ጻፊለት፣ ያንንም ጻፊለት» እያለች መላወሻ ታሳጣኝ ነበር።

ትልቅ ወሬ አለኝ። ሥራ አገኘሁ! ዋዲው፣ ያ ደረቁ ወንዛችን፣ ከተራራው ወጥቶ ወደ መንደራችን በሚዞርበት አፍ ላይ መንግሥት የጎርፍ መከላከያ የአፈር ግድብ ማሠራት ጀምሯል። የ69ኙ ጎርፍ የአባትዎን ቤት ይዞ የሄደበት ሜዳ የለም? ከሱ በላይ ነው። ቁመቱ ስድስት ሜትር ይሆናል። ሥራውን የሚቆጣጠረው ላቦራቶሪ ጋቤስ ከተማ የተማረ ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘ።

ሥራዬን ላስረዳዎ። አፈሩ ሃያ አምስት ሳንቲሜትር እየሆነ ይነጠፋል፣ ቦቴው ውሃ ያርከፈክፍበታል፣ ሮለሩ ስምንት ጊዜ ይመላለስበታል። ከዚያ እኔ እመጣለሁ። በመሮ ትንሽ ጉድጓድ እቆፍርና የወጣውን አፈር አንዲት ፍርፋሪ ሳላስቀር እሰበስባለሁ። ጉድጓዱን ክብደቱ በታወቀ ደረቅ አሸዋ እሞላዋለሁ። አፈሩን መዝኜ፣ በጋዝ ምድጃ አድርቄ፣ ደግሜ እመዝናለሁ። የአፈሩ ጥቅጥቅነት ከመቶ ዘጠና አምስት ከደረሰ ቀጣዩ ንጣፍ ይለበሳል። ካልደረሰ ይታረሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እንደገና ይጠቀጠቃል። የመንደሩ ሴቶች ምድጃዬን አይተው «የሳልሕ ልጅ አፈር ትጠብሳለች! የሀሪሳ በርበሬ ጣል አድርጊበት እንጂ!» እያሉ ይስቁብኛል።

አክስቴ ማብሩካ ደህና ናቸው። አዲሱን ቤትዎን በየቀኑ እየጠረጉ «ወንድሜ ሲመጣ አቧራ እንዳያገኘው» ይላሉ። አርባዎቹ የሮማን ችግኞችዎ ግን ቅጠላቸው እየተጠቀለለ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሮለሩ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ፍየል ይዘላል። ሹፌሩን ብጠይቀው ይስቃል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የነዱት እሱን አይደል? ምን ማለት ነው?

አላህ ከአገርዎ አፈር ያገናኝዎት።

ልጅዎ ሙፊዳ

*

ሳንት ኤትየን፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1988

ለልጄ ለሙፊዳ፣ ሰላምና የአላህ ረድኤት ባንቺና በአባትሽ ላይ ይሁን። ስለ እኔ ካሰባችሁ ደህና ነኝ፤ ብርዱና ጉልበቴ ብቻ ናቸው የተጣሉት።

ደብዳቤሽን እዚህ ፈረንሳይ በሠራተኞች መኖሪያ ቤታችን ላሉት የአገራችን ልጆች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «የዘመዴ ልጅ ግድብ ትፈትናለች» ስል ያ ከጀርባ ደሴት የመጣው ቀልደኛ «ታዲያ አንተን ለምን አልፈተነችህም? ትወድቅ ነበር» አለኝ። ኮራሁብሽ፣ ልጄ። የመንደራችን ሰው ስንት ዘመን አፈር ገፋ፤ አፈርን መርምሮ «አልተቀበልኩህም» የሚል ግን ካንቺ በፊት አልነበረም።

ጥያቄሽን ልመልስ። ሃያ ሁለት ዓመት ሮለር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ነገር ቢኖር መሬትን በመቀመጫዬ ማወቅ ነው። ሮለር ሲዘል መሬቱ «በቃኝ» ማለቱ ነው። ወይ ጠግቧል፣ ወይ ደርቋል። ከደረቀ ተጠንቀቂ። ደረቅ አፈር ሸንጋይ ነው። ጠንክሮ ይታያል፣ ጫማሽን አያሰምጥም፤ ውሃ ሲያገኘው ግን ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ነው። ስለዚህ ከሮለሩ ይልቅ ቦቴውን ተከተዪ።

ስለ ቦቴ ካነሳን፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ማብሩካ ጉድጓዷ ደርቆ ጭቃ ብቻ እንደቀረ አስጽፋልኛለች። የግድቡ ቦቴ ግን መንግሥት ካስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚቀዳው አሉ። የቦቴውን ሹፌር ጃሉልን ከነአባቱ አውቀዋለሁ። ዓርብ ዓርብ፣ ወደ መንደር ሲወርድ፣ አንዲት ቦቴ ለሮማኖቼ እንዲደፋልኝ ንገሪው። ጡረታ ስወጣ እነሱ ጥላ ሥር ልቀመጥ ነው የተከልኳቸው። አንዲት ቦቴ ለዚያ ሁሉ ግድብ ምኗ ናት?

አላህ እጅሽን ይባርክ።

አጎትሽ ላዝሀር

*

ቢር ረተም፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1988

ለተወደዱ አጎቴ፣ የአላህ ሰላም ካሉበት ይድረስዎ። ረመዳን እንዴት ይዞዎታል? ብቻዎን ማፍጠር እንዳይከብድዎ አባቴ ዱዓ ያደርጉልዎታል።

የላኩኝን ፈጽሜያለሁ። ጃሉል «ለሲ ላዝሀር፣ ለታላቃችን? በዓይኔ ላይ!» ብሎ በዚያው ዓርብ ቱቦውን ግቢው ውስጥ ለቀቀው። አክስቴ ማብሩካ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡና እንደ ልጅ ሲስቁ አየኋቸው። ችግኞቹ በሳምንቱ ቀና አሉ።

ግን ውሃ ድምፅ አለው፣ አጎቴ። በሁለተኛው ዓርብ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ በር ላይ ቆመ። ሐጂ ቡበከር ሁለት በጎቻቸውን እየጎተቱ መጥተው «ሮማን ከጠጣ በግ ምን አጠፋ?» አሉ። ማን አይሆንም ይላል? አሁን ጃሉል ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን ሦስት አራት ቦቴ መንደር ውስጥ ያወርዳል። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይስማል። እኔ ነኝ አሉ ያስጀመርኩት።

እላይ ግድቡ ላይ ያለው አፈር ደግሞ አመድ ሆኗል። በግድቡ ርዝመት ለምልክት ከተተከሉት ችካሎች ከሠላሳ አንደኛው እስከ ሠላሳ አራተኛው ድረስ፣ መሐል ዋዲው ላይ ማለት ነው፣ ሰማንያ ስምንት አወጣሁ። ሰማንያ ሰባትም አለ። ለተቋራጩ ለኢንጂነር ሹክሪ ስነግረው እየሳቀ «ውሃው የት እንደሄደ ዘመዶችሽን ጠይቂያቸው» አለኝና ሮለሩን አሥራ ሁለት ጊዜ አመላለሰው። ዘጠና አልደረሰም።

ይንገሩኝ፣ የሮለር ብዛት የውሃን ቦታ ይተካል?

ልጅዎ ሙፊዳ

*

ሳንት ኤትየን፣ ጁን 26 ቀን 1988

ለልጄ ለሙፊዳ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው። እዚህ ገና አሁን ነው ፀሐይ ያየነው፤ ፈረንሳዮቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ሣር ላይ ተዘርረዋል፣ ብታያቸው ትስቂ ነበር።

የሮለሩን ጉዳይ በተመለከተ፣ መመላለሱ ትንሽ ይረዳል። አፈሩም እንደ አፈሩ ነው። ከሩቅ ሆኖ መናገር ይከብዳል። ኢንጂነሩ የተማረ ሰው ነው፤ እሱ ካመነበት አንቺ ራስሽን አታስጨንቂ።

ሮማኖቹ አበቡ? ማብሩካ አበባቸውን ቆጥራ ታስጽፍልኝ። ከቻላችሁም ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ቤቱ ከኋላ እንዲታይ።

አጎትሽ ላዝሀር

*

ቢር ረተም፣ ኦገስት 2 ቀን 1988

ለአጎቴ ለላዝሀር፣ ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። እንኳን ለዒደል አድሐ በሰላም አደረስዎ። ፎቶው ከዚህ ጋር ነው። አክስቴ ማብሩካ ፊታቸውን የሸፈኑት ጥርሳቸውን ላለማሳየት ነው። አበባው መቶ ሠላሳ ስድስት ነው ብለዋል።

አሁን የምጽፍልዎን ለማንም አላወራሁም።

ባለፈው ወር በዚያች በክፉዋ ቦታ «አላለፈም» ብዬ ቅጹ ላይ ጻፍኩ። እንደ ደንቡ ከሆነ አምስት ንጣፍ ተገፍፎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። ሹክሪ አልጮኸብኝም። «ጥሩ። እንገፍፈዋለን። ግን ከነገ ጀምሮ ቦቴ መንደር አይወርድም» ብቻ አለ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ።

ስገባ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ከሐጂ ቡበከርና ከሌሎች አምስት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ሻይ ቀርቧል፤ ማንም አልጠጣም።

ሐጂ ቡበከር «ልጄ፣ ግድቡ ለማን ነው የሚሠራው?» አሉኝ።

«ለእናንተ።»

«እኛ ደግሞ እንዲህ እንዳለ ይበቃናል እንላለን።»

«ሐጂ፣ ውሃ ከመጣ አይችልም።»

«ውሃ ከመጣ! አራት ዓመት አልመጣም እኮ! አንቺ የሚመጣውን ውሃ ትፈሪያለሽ፣ እኛ ባልመጣው እያለቅን ነው። በጎቼን ልሽጥልሽ? የልጅ ልጆቼን አሸዋ ላጠጣቸው?»

አባቴን አየኋቸው። ዓይናቸውን ከብርጭቆው ላይ አላነሡም። «ሙፊዳ፣ እኔ በነዚህ ሰዎች መሐል ነው የምቀበረው» አሉ።

በማግስቱ ደግሜ ለካሁ። ሮለሩ ዞሮ በሚመለስበት ጥግ አለ፤ በየቀኑ ሠላሳ አርባ ጊዜ ይረገጣል። ቦቴውም ሲቆም የሚንጠባጠበው እዚያው ነው። መሮዬን እዚያ ተከልኩ። ዘጠና አምስት ከግማሽ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ አጎቴ። መዝኜ ያገኘሁት ነው። ውሸቱ ቦታው ነው። «አላለፈም» ያልኩበትን ቅጽ ቀድጄ በአዲስ ላይ «ችካል 32» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ንጣፍ እንደዚያው አደረግሁ። እውነተኛውን ቁጥር በትምህርት ቤት ደብተር እይዛለሁ፤ ለምን እንደምይዘው ግን እኔም አላውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት አፈር ረግጠዋል። እባክዎ አንዲት ቃል ይጻፉልኝ። ግድቡ ውሃውን ይችላል ወይስ አይችልም? አይችልም ካሉኝ ዛሬውኑ ሄጄ እናገራለሁ።

ሙፊዳ

*

ሳንት ኤትየን፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1988

ለልጄ ለሙፊዳ፣ አላህ ሰላሙን ያብዛላችሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እጄን አሞኝ ስለነበር ሳልጽፍ ቀረሁ። ፎቶውን አልጋዬ ራስጌ ሰቅየዋለሁ። በኤፕሪል ጡረታዬ ይወጣል፤ ለዘለቄታው እመጣለሁ ኢንሻአላህ። በግ እናርዳለን፤ አንቺንም የሚሆንሽን እናገኝልሻለን፣ አፈር ከመጥበስ የሚሻል ባል።

አንድ ነገር ለማብሩካ ንገሪልኝ። ክረምቱን ጋቤስ ያለችው እህታችን ዘንድ ሄዳ ትቆይ። ለብርዱ ነው። ቤቱ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ብርዱ ለጉልበቷ አይስማማም። እስከ ማርች ብቻ። የኔ ትእዛዝ ነው በያት።

አጎትሽ ላዝሀር

*

ቢር ረተም፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1988

ለአጎቴ ለላዝሀር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መምጫዎን በመስማታችን ደስ ብሎናል።

ግድቡ ተመረቀ። ትልልቅ ሰዎች በመኪና መጡ፣ ከበሮ ተመታ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ባንዲራ አውለበለቡ። ሹክሪ እኔን ከእንግዶቹ ጋር አስተዋውቆ «በሁለት መቶ አሥር ምርመራ አንድም የወደቀ የለም» አላቸው። አጨበጨቡልኝ።

መልእክትዎን ለአክስቴ ማብሩካ አደረስኩ። «ምን? እኔ ጋቤስ ሄጄ በእህቴ ወጥ ላይ አፍንጫዬን ስነፋ ልክረም?» አሉ። እርስዎ ያሉትን ደግሜ ስነግራቸው ደግሞ ሳቁ። «በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ብርድ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዛሬ ከየት አመጣው? በይው፣ ከበላዬ ግድብ አለልኝ፣ ካጠገቤ የሳልሕ ልጅ አለችልኝ። ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም።»

በግድ ልወስዳቸው አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ? ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ምን ልላቸው?

ባለፈው የጠየቅሁዎን አልመለሱልኝም።

ሙፊዳ

*

ቢር ረተም፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1989

ለአጎቴ ለላዝሀር፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ትዕግሥቱን ይስጥዎ፣ ልብዎን ያጽናልዎ። ቴሌግራሙ ደርሶዎታል። ዝርዝሩን ግን ከኔ መስማት አለብዎ፤ ሌላ ሰው ሲነግርዎ ያሳምረዋል።

ተራራው ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። መንደር ውስጥ ካፊያ ነበር። ጃንዋሪ 16፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዋዲው ሞልቶ መጥቶ ግድቡ ላይ ተኛ። ሰዉ ሁሉ ለማየት ወጣ። አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ያላዩ ሰዎች! ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ቡበከር ግድቡ አናት ላይ ቆመው «ያዘ! ያዘ እኮ! አንቺ ፈሪ!» ብለው ትከሻዬን ሲመቱኝ እንባቸው ይወርዳል። ወላሂ አጎቴ፣ እኔም ለአፍታ አመንኩ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ከሠላሳ ሁለተኛው ችካል ግርጌ ከመዳፌ የማይሰፋ ውሃ ይወጣል። የጠራ ውሃ ቢሆን አልፈራም ነበር። ድፍርስ ነበር። ግድቡን ከውስጥ እየበላው ይወጣ ነበር። ጮህኩ። ግማሹ ሮጠ፤ ግማሹ ቆሞ አየኝ። እኔ በሜዳው አቋርጬ ወደ እርስዎ ቤት ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁ። የሚፈርስ ነገር ድምፅ አይመስልም። ረጅም ትንፋሽ ይመስላል። የሐጂ አማች ክንዴን ይዞ ጉብታው ላይ ጎተተኝ።

አክስቴ ማብሩካ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። ከጉብታው ላይ አየኋቸው። ስማቸውን ጠራሁ። ቀና ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ሰላም ያልኳቸው መሰላቸው።

በሦስተኛው ቀን አገኘናቸው። ሰባት ሰው ነው የሞተው። ጃሉል ቦቴውን ሊያስነሣ ገብቶ ከነቦቴው ሄደ። ሐጂ ቡበከር ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ቀበሩ። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አያዞሩም፤ ያ ነው የሚከብደኝ። አጠገቤ መጥተው ይቆማሉ።

አጣሪ መጣ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰማንያ ስምንቱን፣ ጥጉን፣ ፊርማዬን። ሰውየው አንድ ሁለት ገጽ ገልጦ መለሰልኝ። «ማህተም የለውም» አለ። «እኛ የምናውቀው ማህተም ያለውን ቅጽ ነው፤ እሱ ላይ ሁሉም አልፏል። ልጄ፣ ድንጋጤ ላይ ነሽ፤ ሂጂ እረፊ።» ያልተጠበቀ ጎርፍ ተብሎ ተዘጋ። እስር ቤት እገባለሁ ብዬ ልብሴን በከረጢት አዘጋጅቼ ነበር።

እርስዎ አንድም ነገር አላጠፉም። አንዲት ቦቴ ነው የጠየቁት። በሩን የከፈትኩት እኔ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጠይቅዎትም።

ሙፊዳ

*

ሳንት ኤትየን፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1989

ለሙፊዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሦስት ወር ኪሴ ይዤው ዞርኩ። ሥራ ቦታ የስንብት ግብዣ አደረጉልኝ፤ ስጦታ ሰጡኝ። ሁሉም «መቼ ትሄዳለህ?» ይሉኛል።

እኔ አላጠፋሁም ብለሻል። ስሚኝ። በ1971 እዚህ አገር ለባቡር ሐዲድ አፈር ስንጠቀጥቅ ቦቴያችን ተሰበረ። አለቃችን «በደረቁ ቀጥሉ» አለን፤ ቀጠልን። በጸደይ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ከሐዲዱ ሥር ሸሸ። ሰው አልሞተም፤ በጊዜ ደረሱበት። እኔ ግን ከሮለሬ ወርጄ የወደቀውን አፈር በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነበር።

ስለዚህ አንዲት ቦቴ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። አንዲቷ አሥር እንደምትሆንም አውቅ ነበር፤ መንደሬን አውቀዋለሁ። ያንን ስኳር በሻይ ብዬ በጻፍኩበት እጄ ነው ውሃውን ለምኜሽ ደብዳቤውን ያሸግሁት። ከዚያ ይችላል ወይስ አይችልም ብለሽ ስትጠይቂኝ ደብዳቤሽን ገና አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን አውቄው ነበር። አይችልም። አንድ ቃል ነበር። ቃሉን ብጽፍ ሄደሽ ትናገሪያለሽ፤ ውሃው ይቆማል፤ ዛፎቹ ይደርቃሉ፤ ማብሩካ ታለቅሳለች፤ እኔ ወደ ደረቅ ግቢ እመለሳለሁ። እጄን አላመመኝም። «ለብርዱ ነው» ብዬ እህቴን ላወጣት ሞከርኩ። ሌሎቹን ስድስቱን ግን አላሰብኳቸውም።

አልመጣም። እዚህ ከከተማው ዳር የሙስሊሞች መቃብር አለ፤ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ስለ ቤቱ፣ ስለ ምድሩ ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። የተረፈ ነገር ካለ ለሐጂ ቡበከር ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ማብሩካን የት ነው የቀበራችኋት? ከፍ ያለ ቦታ ነው?

ላዝሀር

*

ቢር ረተም፣ ሜይ 11 ቀን 1989

ለአጎቴ ለላዝሀር፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ለማንም አላነበብኩም፤ አባቴ ሲጠይቁኝ «ደህና ነኝ ይላሉ» አልኳቸው።

ግድቡን ሊጠግኑት ነው። ላቦራቶሪው «መዝገብሽ ንጹሕ ነው» ብሎ ጠርቶኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ሌላ ሰው ልከዋል። አፈሩን ከድሮው ጉድጓድ ነው የሚያመጡት፤ ውሃውንም ከዚያው መንግሥት ካስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ። ዝናቡ ያንን ሁለት ቀን ጥሎ ጠፍቷል፤ በጎቹ እንደገና ከስተዋል።

ስለጠየቁኝ። ኮረብታው ላይ ያለው መቃብር ሞልቶ ነበር፤ ከሥሩም አለት ነው፤ በዚያ ጭቃ ሰባት መቃብር የሚቆፍር ጉልበት አልነበረንም። ከመንደሩ በታች፣ መሬቱ ከለሰለሰበት ሜዳ ላይ አሳረፍናቸው።

ከፍ ያለ ቦታ ነው ብዬ ልጽፍልዎ ነበር።

አይደለም።

ሙፊዳ